ያልቆመ ድንጋይ አይቆጠርም

ይህን የምጽፈው፣ በዲላ በምሠራበት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ በገዛ እጄ የተጻፈ አንድ ቃለ ጉባኤ ስላለ ነው። ቃለ ጉባኤው ከወናጎ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የነበሩት ጥንታውያን የቆሙ ድንጋዮች «በነዋሪዎቹ ድንቁርና» እንደ ጠፉ ይናገራል። ከግርጌውም የጸሐፊነት ፊርማዬ አለ። ቃሉ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እውነት ነው ለማለት ደግሞ ከዚያ ያነሰ ድፍረት አለኝ። በጉዳዩ ውስጥ ድንቁርና ነበረ፤ የማን እንደ ነበረ ግን ወረቀቱ አይገልጽም። መዝገብ ለሚያነብ ሰው ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራልና፣ ያልተጻፈውን እዚህ አሰፍራለሁ። ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ወረቀቱን የት እንደማስቀምጠው ገና አልወሰንሁም።

ኮረብታው በአጎቴ እጅ ነበር። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከመኪናው መንገድ ተነሥቶ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው መጀመሪያ ቤቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናው፣ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ደግሞ በቡናውና በእንሰቱ መካከል ድንጋዮቹ ይገኙ ነበር። ሠላሳ አንድ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከጉልበት አያልፉም። በጥቂቶቹ ላይ ፊት የሚመስል፣ በሌሎቹ ላይ የጎድን አጥንት የሚመስል መስመር ተቀርጿል። ማን እንዳቆማቸው የሚያውቅ የለም። አጎቴን በጠየቅሁት ቁጥር፣ የእኛ እንዳልሆኑ፣ ጎረቤቶቻችን ግን እንደ ሆኑ ይነግረኝ ነበር፤ የጎረቤትነቱንም ወግ ይጠብቅላቸው ነበር። ዶማ አያስደግፍባቸውም፤ እንጨት የተሸከመ ሰው ሸክሙን በእነርሱ ላይ እንዲያሳርፍ አይፈቅድም፤ ሲኮተኩትም ከእግራቸው አንድ ክንድ ያህል ትቶ ይዞራል። ምላሷ ስለት የሆነው ሚስቱ፣ በዚህ ምክንያት ባዶ የቀረውን መሬት እያየች፣ እነዚህ ጎረቤቶች አንድ ቀን እንኳ ለደቦ ሳይመጡ ስንት እንሰት እንደ በሉባት ትቆጥርለት ነበር።

የድንጋዮቹ ትልቁ ውለታ ግን ሌላ ነበር። አጎቴ ጎልማሳ ሳለ ቀላድ ወደ አካባቢው መጣ። መሬት የሚለካበት ያ የጠፍር ገመድ ሲረጥብ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለሹም የሚሰጥ መሬት ሲሆን ማለዳ በጤዛ ላይ ተጎትቶ፣ የገባር መሬት ሲሆን ግን ፀሐይ ካኮማተረው በኋላ ይለካ ነበር ይላሉ። ባጠረ ገመድ የተለካ መሬት በቁጥር ይበዛል፤ ገባሩም ከሚገብርበት በላይ ይዞ ይገኛል፤ የበዛውም ትርፍ መሬት ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ሽማግሌዎቻችን «ሲለኩልህ እርጥብ፣ ሲለኩብህ ደረቅ» የሚሉት ይህን ነው። ከአጎቴ የታችኛው መሬት ግማሹ በዚህ መንገድ ሄዶ ለአንድ ግራዝማች ተሰጠ፤ ግራዝማቹም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አዋሳኙ ሆኑ። ልኬቱ ወደ ኮረብታው በደረሰ ጊዜ ግን ለኪዎቹ ድንጋዮቹን አይተው ቆሙ፤ መቃብር ነው ብለው ገመዳቸውን ጠቅልለው ወረዱ። ስለዚህ ኮረብታው በማንም ስም ሳይጻፍ በአጎቴ እጅ ሲለማ ኖረ። ቤተሰቡ ይኖር የነበረው ከዚያ በሚወርደው ቡና ነው። እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርሁት በዚሁ ቡና ነው። አጎቴ በሕይወቱ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ያ ገመድ ተመልሶ ወደ ኮረብታው እንዳይወጣ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጽሕፈት ቤቱ ከተቀጠርሁ ብዙ ሳይቆይ፣ አንድ የደንብ ረቂቅ ከበላይ መጥቶ እንድገለብጠው ተሰጠኝ። ርእሱ የቆሙ ድንጋዮችንና አካባቢያቸውን ስለ መጠበቅ የሚል ነበር። በግርማዊነታቸው ሥዕል ሥር ተቀምጬ በጽሕፈት መኪና አራት ጊዜ ገለበጥሁት፤ አራት ጊዜም በሐሳቡ ውበት ተደነቅሁ። በዚያን ጊዜ በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉትን የሕግ መጻሕፍት ሁሉ አንብቤ ነበርና፣ በደንብ የተጻፈ አንቀጽ ሰውን ሊያታልል እንደማይችል አምን ነበር። ረቂቁ ከእያንዳንዱ ድንጋይ ዙሪያ አርባ ክንድ የተከለለ ቦታ ያደርጋል፤ በክልሉ ውስጥ ያለ መሬት በቀላድ እንዳይለካና ለማንም እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ በቦታው የሚኖረውንም ሰው ጠባቂ አድርጎ በይዞታው ያጸናዋል። ድንጋይ ያጠፋ በእስራት ይቀጣል። በመጀመሪያው አንቀጽ የተሰጠው ትርጓሜ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ የቆመ ድንጋይ ማለት ቆጠራው በሚደረግበት ቀን በቦታው ቆሞ የተገኘ ድንጋይ ነው።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክልሉን የሚወስነው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የተሰየሙት እኒያው ግራዝማች ነበሩ። አንድ ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጥተው፣ ወንበር ሲቀርብላቸው ሳይቀመጡ፣ ረቂቁን ከመስኮቱ አጠገብ ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ ፈገግ አሉ። ወረቀቱንም መልሰው በጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖሩ፣ የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምርና የወናጎ ልጅ እንደ ሆንሁ መስማታቸውን ነገሩኝ። የወናጎ ልጅ መሆኔን ማን እንደ ነገራቸው አላወቅሁም። ያን ፈገግታ ለብዙ ቀናት ሳሰላስለው ቆይቼ፣ ረቂቁ በስተጀርባው የእርሳቸው እጅ አለበት ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረስሁ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ ፈገግታው ይበቃኝ ነበር።

ረቂቁን ለሕዝቡ በቋንቋው እንዳስረዳ ታዘዝሁ። ሽማግሌዎቹ በሶንጎ ተሰበሰቡ፤ ሶንጎ ማለት በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ያለ የመማከሪያና የመፋረጃ ቦታ ነው። እዚያ የተቋጨ ነገር ሳይሻር ይጠበቃል፤ የወረቀት ማኅተምም አያስፈልገውም። አንቀጾቹን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ሲያዳምጡ ከፊታቸው ምንም አይነበብም ነበር። ከዚያ አንዱ፣ እስከ ዛሬ እኛ ስንገብር ኖረናል፣ ከእንግዲህ ድንጋዩም ሊገብር ነው ወይ ብሎ ጠየቀና ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ በጸጥታ፣ «የገዛ ደጄን እንድጠብቅ የሚሾመኝ ሰው፣ ነገ ሊሽረኝም ይችላል» አሉ። ቀጥለውም ወረቀቱ የሚጠቅመን ከሆነ ለምን ከላይ እንደ መጣ፣ ለመሆኑ የምናገረው በማን አፍ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በጽሕፈት ቤቱ የወናጎ ልጅ ነህ ተብዬ ነበር፤ በወናጎ ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሆኜ ተገኘሁ።

ጉባኤው ሲበተን አጎቴ ወደ ኮረብታው ይዞኝ ወጣ። በእርሱ ዘንድ አለመታመኔ አሳዘነኝና፣ ወገንተኛነቴን ለማሳየት ስል በልቤ የነበረውን ጥርጣሬ አወጣሁለት፦ ሰብሳቢው ግራዝማቹ መሆናቸውን፣ ወረቀቱን አንብበው ፈገግ ማለታቸውን፣ ይህ ነገር የእርሳቸው ሥራ እንደሚመስለኝ። አጎቴ በቁራጭ እንጨት ከእግሩ ላይ ጭቃ ይጠርግ ነበር።

«የእኅቴ ልጅ፣» አለኝ በመጨረሻ፣ «ያ ወረቀት የሚፈልገው የትኛውን ድንጋይ ነው?»

«በቦታው የቆመውን።»

«የተኛውንስ?»

ትርጓሜውን በቃሌ አውቀው ነበር። ማወቄም ደስ ይለኝ ነበር። «ያልቆመ ድንጋይ አይቆጠርም» አልሁት።

ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ሲሸኘኝ ሚስቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ አስያዘችኝ፤ የዲላ ምግብ አጥንቴን እንዳወጣውና መንግሥት ጸሐፊዎቹን በቀለም ብቻ እንደሚቀልብ ተናግራ አሳቀችኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

ድንጋዮቹን የሚቆጥረው ባለሙያ ከአዲስ አበባ የመጣው ከዚያ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። አስተርጓሚ ሆኜ እንድሄድ ታዘዝሁ። ላንድሮቨሩ ከመንገዱ ዳር ሲያቆመን ቀትር ገና አልደረሰም። አጎቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ሽቅብም ወጣን።

ኮረብታው ላይ አንድም ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዮቹ በነበሩበት ሁሉ አዲስ የተዛወረ እንሰት ቅጠሉ ተቆርጦ ተተክሏል፤ አፈሩ በደረቅ የኮባ ቅጠል ተሸፍኗል። ሥራው እጅግ ንጹሕ ስለ ነበር፣ ቦታውን የማያውቅ ሰው ምንም አይጠረጥርም። እኔ ግን አውቀው ነበር። ከእግሬ ሥር ያለው መሬት የተነቀነቀ ጥርስ መስሎ ተሰማኝ።

ባለሙያው ከቦርሳው አንድ አሮጌ ዝርዝር አውጥቶ ተመለከተ፤ አንድ መንገደኛ ከብዙ ዓመት በፊት በዚህ ኮረብታ ብዙ የቆሙ ድንጋዮችን እንዳየ የጻፈው ነበር። ድንጋዮቹ የት እንዳሉ አጎቴን እንድጠይቅለት ነገረኝ። ጠየቅሁት። አጎቴ አፈሩን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና፣ የዚህ አገር መሬት ለስላሳ መሆኑን፣ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ወደ ወንዙ ቢወርድ እንደሚሻለው መለሰ። ይህንኑ ተረጎምሁ። ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«አንተ የዚህ አካባቢ ልጅ ነህ አይደለም?»

«ነኝ።»

«ስንት ነበሩ?»

«ቆጥሬያቸው አላውቅም» አልሁ። በሕይወቴ በሕግ ፊት የተናገርሁት የመጀመሪያው ሐሰት ይህ ነው።

የተደረገውን ኋላ የነገረችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። ሶንጎው በምስጢር ተቀምጦ፣ ድንጋይ ካልተገኘ ግራዝማቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ኮረብታው የሚወጡበት ምክንያት አይኖርም ብሎ ቆርጦ ነበር፤ ደቦ ተጠርቶም ስምንት ቀን ተሠራ። በየድንጋዩ እግር አጠገብ እንደ ቁመቱ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍረው፣ በቃጫ ገመድ አስረው ቀስ እያሉ አስተኙት። ፊት ያላቸውን ፊታቸው አፈር እንዳይበላው በጀርባቸው አጋደሟቸው፤ በላያቸውም የኮባ ቅጠል አለበሷቸው። አፈር ከመመለሱ በፊት አጎቴ በእያንዳንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ጥቂት ተኛ፤ ሰዎቹ ሲያልፉ እናነሣሃለን» ይለው ነበር፤ ከወታደር እንደሚሸሽጉት እንግዳ። ትልቁ ድንጋይ ሲወርድ ገመዱ ተበጥሶ ከሦስት ተሰበረ። በዚያ ቀን፣ አለች፣ አጎቴ እህል አልቀመሰም። እርሷም ከዚያ ወዲህ በጎረቤቶቹ ላይ መቀለዷን ተወች።

ከባለሙያው ጋር ወደ ዲላ ስንመለስ በወናጎ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ማስታወሻውን ዘግቶ ስለ ነበር፣ ጉዳዩ እንዳበቃ ገባኝ። ከቆጠራው ዝርዝር ያልገባ ቦታ በደንቡ እንደማይጠበቅ አስረዳኝ፤ ይህን ሲናገር ከሐዘን በቀር የቁጣ ምልክት አላየሁበትም። ከዚያ ብርጭቆውን እያዞረ፣ ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወራ ሁሉ፣ ግራዝማቹ እፎይ እንደሚሉ ተናገረ።

ለምን ብዬ ጠየቅሁት።

«ይህ ደንብ እንዳይወጣ ሦስት ጊዜ ለበላይ ጽፈዋላ። ኮሚቴው ውስጥ የገቡትም እንቢ ቢባሉ ከውስጥ ሆነው ለማዘግየት ነው። ያ ኮረብታ በክልል ውስጥ ከገባ ለዘላለም አያገኙትም።»

ፈገግታው ተመልሶ ታየኝ፤ የአሸናፊ ሳይሆን የሚሸነፍ ሰው፣ ሽንፈቱንም ለማሳየት የማይፈልግ ሰው ፈገግታ ነበር። የጠረጠርሁት ሰው የሚጠረጠር ነበር፤ ያስጠረጠርሁት ወረቀት ግን አልነበረም። ይህንን ባለሙያው ለምን ከኮረብታው ላይ ሳለን እንዳልነገረኝ እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ምናልባት ሐሰቴን አውቆ ስለ ነበር ይሆናል። ምናልባትም ሊነግረኝ የፈለገው ጊዜው ካለፈ በኋላ ብቻ ነበር። ሰው አንድ ጊዜ መጠርጠር ከለመደ የሚያቆምበት ድንበር አያገኝም።

በማግሥቱ ወደ አጎቴ ሮጥሁ። ግራዝማቹ የፈሩት ያንን ወረቀት መሆኑን፣ ድንጋዮቹ ተነሥተው ዳግመኛ ካልተቆጠሩ ኮረብታው ለቀላድ የተከፈተ እንደሚሆን ነገርሁት። እያየኝ ሰማኝ።

«መጀመሪያ የተኛ አይቆጠርም አልኸኝ። አሁን አንሣቸው ትለኛለህ። ዛሬ የላከህ ማን ነው?»

ማንም እንዳልላከኝ ማልሁለት። መሐላዬን አልተቀበለም፤ አልካደኝምም። ጉዳዩን ለሶንጎ አቀረበው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ተማከሩ፤ በሦስተኛው ተስማሙ። ነገር ግን የክረምቱ ዝናብ ጀምሮ ስለ ነበር፣ ጉድጓዶቹ ውኃ እየሞሉ ሥራውን አከበዱት። አስተኝቶ ማውረድና አንሥቶ ማቆም አንድ አይደለም። ኮሚቴው ሁኔታውን አጣርቶ የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ የተነሡት አራት ብቻ ነበሩ። ለባለሙያው በዚያ ቀን እንዲገኝ ለምኜ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ደብዳቤው ከጽሕፈት ቤታችን ወጥቶ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እርሱ ግን አልመጣም።

ግራዝማቹ በበቅሎ ወጡ። እኔ መዝገቡን ይዤ በእግር ተከተልሁ። ከአራቱ ድንጋዮች አንዱ ዘንድ ቆመው ከዘራቸውን ወደ እግሩ ሰደዱት፤ ከዘራው ያለ ችግር በእርጥቡ አፈር ውስጥ ሰጠመ። አንድ ጊዜ ወዘወዙት። ድንጋዩም ተወዛወዘ።

«ጥንታዊ ነው ያላችሁት ይህን ነው?» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «የእኔ ጎመን እንኳ ከዚህ ቀደም ብሎ ተተክሏል።»

የኮሚቴው አባላት ሳቁ። አጎቴ እኔን አየኝ። እውነቱን የሚያውቅ፣ በሚገባቸውም ቋንቋ ሊናገር የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ድንጋዮቹ እውነተኞቹ ናቸው፤ ሃያ ሰባቱም ከእግራችሁ ሥር ተኝተዋል ብል ግን፣ ድንጋይ ያጠፋ በእስራት ይቀጣል የሚለው አንቀጽ ነበረ። ቆፍሮ ያስተኛቸው ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል። አራት ጊዜ የገለበጥሁት ያ ውብ ረቂቅ፣ አጎቴን ሊያድን በሚችልበት በዚያው ሰዓት ሊያስረውም ይችል ነበር። ግራዝማቹ ሲያስጽፉኝ ጻፍሁ፦ የጥንቶቹ ድንጋዮች በነዋሪዎቹ ድንቁርና ጠፍተዋል፤ አሁን ቆመው የተገኙት አራቱ ኮሚቴውን ለማሳሳት አዲስ የተተከሉ ናቸው። የእጅ ጽሑፌ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

ደንቡ ጸደቀ። በሌሎች ቦታዎች፣ በይርጋጨፌ አቅጣጫም ጭምር፣ ዝርዝር ውስጥ የገቡ ድንጋዮች አሉ፤ በዙሪያቸው የሚኖሩት ሰዎችም እስከ ዛሬ እንዳልተነኩ እሰማለሁ። የእኛ ኮረብታ ከዝርዝሩ የለም። መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራና ፀሐዩ ሲበረታ፣ ለኪዎቹ ገመዳቸውን ይዘው መጡ። ቀትር ላይ ለኩ። ኮረብታው ትርፍ መሬት ሆኖ ተገኘ፤ ለግራዝማቹም ተሰጠ። እርሳቸው እንሰቱን አስነቅለው በምትኩ ቡና ሲያስተክሉ ሠራተኞቹ ድንጋዮቹን አገኟቸው። ፈልጠው ለሚሠራው የቡና ማጠቢያ መሠረት አደረጓቸው። አራቱንም ጨምረው።

አጎቴ አሁን በወናጎ በእናቴ ቤት ይኖራል። ስሄድ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበለኛል፤ እንደ እንግዳ። ቃለ ጉባኤውን ከጻፍሁበት ቀን ወዲህ የእኅቴ ልጅ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ጸሐፊው ይለኛል። ባለፈው ጊዜ የጠፋውን ሁሉ እንዲነግረኝና እንድጽፈው ለመንሁት። ጽፌ ለማን እንደምሰጠው ጠየቀኝ። ለማንም አልሰጥም አልሁት። በጣቶቹ እየቆጠረ ነገረኝ፤ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንዲህ ጻፍሁት።

ድንጋይ፣ ሠላሳ አንድ።
ያፈራ ቡና፣ አራት መቶ ስድሳ እግር።
እንሰት፣ ሁለት መቶ አሥር።
ዋንዛ፣ ዘጠኝ።
ብርብራ፣ አምስት።
ቤት፣ አንድ።